ለመጨረሻው ዙር

ከሂርማታ ገበያ ጀርባ፣ የሚስማር ሻጩ ተራ ሲያበቃ፣
በሩ የጨው ጆንያ የሆነ፣ ግድግዳው እርጥብ ጭቃ፣
የዚክሪ ጌም ቤት ነበረ፤
ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ አግዳሚ፣
አንድ ዙር በሁለት ብር፣ ተመልካች በነጻ ቋሚ።

ዝናቡ ቆርቆሮ ሲወቅር የሞተሩ ድምፅ አይሰማም፤
በመዳፋችን ነበር የምናዳምጠው፣
እጀታው ሲንቀጠቀጥ።

ከስክሪኑ ጥግ፣ ከታች፣ ሰማያዊ ጠርሙስ አለ፤
በመጠምዘዣ ስትንሸራተት፣ ከገደል ለጥቂት ስትተርፍ፣
ይሞላል ከፍ እያለ።
ናይትሮ ይሉታል።
አውራ ጣትህን ስታሳርፍበት መንገዱ ይቀጥናል፣
መብራቱ ክር ይሆናል፣
ዛፉ፣ ድልድዩ፣ ፎቁ ወደ ኋላ ይፈስሳል፤
አንተ ብቻ ትቀራለህ፣
መተንፈስ የረሳህ።

ነስረዲን ማስቀመጥ አያውቅም።
የኅዳርን የቡና ብር በኅዳር እንደሚጨርስ ሰው፣
ጠብ ያለችውን ሁሉ
ጠብ ባለችበት አቃጠለው።
እኔ ግን የእናቴ ልጅ ነኝ፤
እሷ የሰፈሩን እቁብ ሰብሳቢ፣ እኔ የጠርሙሴ ዘበኛ፤
«ለመጨረሻው ዙር» እላለሁ፣
«ለመጨረሻው ቀጥታ፣ ባንዲራው ሲታይ ከሩቅ»፤
እሱ ሦስቴ ግንብ ይላተማል፣ ሦስቴም ከት ብሎ ይስቃል፣
እኔ እየመራሁ ስጨነቅ።

አንድ ሐሙስ፣ ሦስተኛው ዙር፣ ጠርሙሴ ጢም ብሎ ሞልቶ፣
ነስረዲን ባዶውን ሲንፏቀቅ፣ መስመሩ ቁልጭ ብሎ ታይቶ፣
አውራ ጣቴን አነሳሁ።

ጠፋ መብራቱ።

በጨለማው ውስጥ የዚክሪ ድምፅ፦
«ሁለት ብር! መብራት ቢጠፋም ሁለት ብር!»
ከጎኔ ደግሞ ነስረዲን፣ በቀስታ፦
«ወንድሜ፣ ያን ሁሉ ለማን ልታወርስ ነበር?»

በዚያው ሰሞን ቆጪ፣ ከጎረቤት አቮካዶ ዛፍ ላይ ወደቅሁ፤
ክንዴ ከሁለት ቦታ ተሰበረ፤
የወጌሻው ቅቤ አልበቃም፣ ሆስፒታል ገባሁ።
የነስረዲን እህት ራውዳ፣ የማደንዘዣ ተማሪ፣
አረንጓዴ ለብሳ፣ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ፣
ከመምህሯ ኋላ ቆማ ነበር፤
ከራስጌዬ አንድ ሰማያዊ ሲሊንደር።

«ታውቀዋለህ ይሄን?» አለችኝ ዝቅ ብላ።
«ስሙ ናይትረስ ነው፤
የእናንተ መኪና የሚበርበት፣
እኛ ሰው የምናስተኛበት፣ ያው ነው።»
ሳቄ መጣ። ጭንብሉ ፊቴ ላይ አረፈ። የጎማ ሽታ።
«ከአሥር ወደ ታች ቁጠር» አለ መምህሯ በዝግታ።
እኔ ከሦስት ጀመርኩ፤
ውድድር ከሦስት ነው እንጂ ከአሥር ማን ይጀምራል?
ሦስት።
ሁለት።
የጣራው መብራት ክር ሆነ፣
ግድግዳው ወደ ኋላ ፈሰሰ፤
አንድን ሳልላት ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ አፌ ውስጥ ናት።

ስነቃ ክንዴ ጀሶ ውስጥ ነው፣ ምላሴ ደርቋል፤
ነስረዲን አልጋዬ ጫፍ ላይ የኔን ሙዝ ልጦ ይበላል።
«ማን አሸነፈ?» አልኩት አሉ። እስካሁን ይተርቡኛል።

ጌም ቤቱ ዛሬ የለም፤ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል።
ነስረዲን በቦንጋ መንገድ አይሱዙ ይነዳል፤
ቀስ ብሎ ነው አሉ፣
በየመጠምዘዣው ቢስሚላህ እያለ።
እኔ ባጃጅ አለኝ። ወደ ጅሬን ዳገት ስወጣ፣
ከኋላ ሦስት ሰው፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል፣
ሞተሩ ነፍሱ ሊወጣ፣
አውራ ጣቴ ብቻውን፣ ሳላዘው፣
እጀታው ላይ ይፈልጋል።
አንድ ሙሉ ጠርሙስ አለኝ፣ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ ያልተነካ፤
የት እንዳስቀመጥኩት ማን ያውቃል?
ይዳስሳል፣ ይዳስሳል፣
ይጫናል።

ጡሩምባው ይጮኻል።

መንገድ መሀል የቆመች አንዲት ፍየል
ቀና ብላ ታየኛለች፤
በኋላ፣ ደስ ሲላት፣
ታልፋለች።