ይበልጣል ወይስ ይታያል

ፍኖተ ሰላም ላይ መብራት ሄዷል ማታ፤
በስልኬ ጭላንጭል፣ በጉልበቴ ገበታ፣
የዐሥራ አንድ ሰው ስም ልጽፍ አቀርቅሬ
ዐሥሩን ሞላሁና ቆመብኝ ብዕሬ።
ስድስት ቁጥር ባዶ።
የቡሬው ጨዋታ ነገ ነው፤ ሹፌሩ ጥሩንባ ይነፋል ማልዶ።

ይበልጣል ልበል ወይ? ይታያል ልበል ወይ?
ሁለት ስም፣ ሁለት ግስ፤ እናቶች ሲያወጡት ያውቁት ነበር ወይ?

ይበልጣል ሠላሳ አምስት ሞላው በግንቦት፤
ለኛ ሲሮጥ ኖሯል ዐሥራ አንድ ክረምት።
ቀኝ ጉልበቱን በፋሻ ሳይጠቀልል አይገባም ሜዳ፤
ግን ኳሷ የት እንደምትወድቅ ቀድሞ ያውቃል፣ እንደ ቤቱ ጓዳ።
ያን ጊዜ ዳንግላ፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ውጦ፣
ከሠላሳ ሜትር የላካት ቅጣት ምት፣ በረኛው ቀረ አፍጥጦ።
ማዘጋጃ ቤቱ በጀት የለም ብሎ ነዳጅ ሲነሳን፣
ሚስቱ በግ ሸጣ ባስቀመጠችው ብር ነው ከማርቆስ የተመለስን።

ግን ባለፈው እሑድ አንድ ቀጫጫ የደምበጫ ክንፍ
ሦስቴ አለፈው፤ በሦስተኛው አልተከተለም፣ ወገቡን ይዞ ቆመ እንደ ዛፍ።
እኔም አየሁ። እሱም ማየቴን አየ።
ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን ቀዝቅዞ ቆየ።

ይታያል ዐሥራ ሰባት፤ የጂጋ ገበሬ ልጅ፣
በኮንጎ ጫማ ነው የመጣው፣ ካለ ሰው ካለ ወዳጅ።
የመጀመሪያ ታኬታውን የሰጠው ማን ሆነና?
ይበልጣል ነው፤ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ጠቅጥቆ፣ «እግርህ እስኪሞላው» አለና።
ኳስ ሲይዝ ሜዳው ይጠበዋል፤
ሲነጥቁት ግን አንገቱን ደፍቶ ይቆማል፣ መመለስን ይረሳዋል።
ሰው በሌለበት ያቀብላል። «እዚያ ሰው ሊኖር ይገባ ነበር» ይላል፣ ስቆጣ።
ቤቴ ገብቼ ሳስበው እውነቱን ነው፤
ያረፈደው ሰው ነው እንጂ ኳሷማ በሰዓቷ ነች የምትመጣ።

ጠጅ ቤቱ ተከፍሏል። በበሩ በኩል ያሉት «ልጁን!»
በግድግዳው በኩል ያሉት «ማን ረሳ የዳንግላውን!»
ብርሌው ሁለቴ ሲሞላ ጎራ ይለዋወጣሉ፤
መጮኹን ግን አይተዉም፣ ለነገ ድምፅ ያሟሻሉ።

አባቴን ጠየቅሁት፤ እርሻ እንጂ ኳስ አያውቅም።
«ወይፈን ከወይፈን ጋር አይጠመድም፤
ካረጀ በሬ ጋር አቆራኘው፤ በሬው ትልሙን ያስይዘዋል፣
ወይፈኑ ጉልበቱን ያዋጣል።»
አባባ፣ እውነት ነው፤ ግን የኔ ቀንበር
አንድ ማነቆ ነው ያለው፤ ሌላው ወንበር።

ወንበር! ልጅ ሳለሁ፣ ዋሸራ፣ ቅኔ ስቆጥር፣
ወንበር ላይ የሚቀመጥ መምህር ነበር፣ ሰው እግሩ ሥር ሲያድር።
ተማሪ ተራራ የሚሻገረው ወንበር ለዘረጋ ነው፤
ያው ቃል እዚህ ሜዳ ሲደርስ ምን ነካው?
እዚህ ወንበር የሄደ አያስተምርም፤ ውኃ ያቀብላል፣
ጃኬቱን እስካፍንጫው ዘግቶ የሰው ሩጫ ይቆጥራል።
ሰሙ ይህን ያህል ከከበደው፣ ወርቁን መች ይሰማኛል?

እኔ ራሴ በሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ስሜን ከወረቀት ያጣሁ ሰው ነኝ፤
ሳምንት ሙሉ ግድግዳው ላይ አነበብሁት፣ ዓይኔ የሳተ መስሎኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ይበልጣል ነው። አልተቀመጠም።
«ልጁ ይግባ» ይለኛል ብዬ ነበር፤ እንዲህ ያለው በተረት እንጂ በሌሊት አይመጣም።
«አጫውተኝ» አለ። «እሱ ጊዜ አለው። እኔ የቀረኝ ይሄው ዓመት ነው።
ጉልበቴን አይተኸዋል፤ አውቃለሁ። እያየህ አጫውተኝ ነው።»

ምን ልበለው?
«ጊዜ አለው» የተባለ ልጅ ስንቱ ነው ወንበር ላይ ያረጀው?
ሳይጠመድ የከረመ ወይፈን ለፋሲካ ነው የሚፈለገው።
ይህን አላልሁም። «ደህና እደር» አልሁት።
ደረጃውን ሲወርድ፣ በጨለማው፣ አንድ እግሩ ሲጎተት ሰማሁት።

አሁን ዶሮ ጮኸ። ስልኬ ሊጠፋ ትንሽ ነው የቀረው።
ደግነቱ ወይ ክፋቱ፣ የሁለቱም ስም በአንድ ፊደል ነው የሚነሣው።
«ይ» ብዬ ጻፍሁ።
ደጅ ላይ ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ሰማሁ፤ አልተነሣሁ።