ላም አትጾምም

የቅበላው ማግስት፣ ሰኞ ገና በጠዋት፣
ልኳንዳው ተዘግቶ፣ ቢላው አርፎ ካጥንት፣
ገበያ ወረድኩኝ ባዶ ባልዲ ይዤ፣
ከደሞዜ ትራፊ ቋጠሮ መዝዤ።

መይሙና ከኢተያ በሌሊቱ አይሱዙ ከነብርዷ መጥታ፣
አይቧን ኮባ አልብሳ፣ በጃንጥላ ጋርዳ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፤
ያዳማ ፀሐይ ግን ማንንም አትምርም፣ አንዴ ከቤት ወጥታ፣
ገና ሦስት ሰዓት ሳይል፣ ያልበዋል ከላይ።

ቅዳሜ ስትኮራ፣ ስትል «አይቀነስም»፣
ዛሬ ራሷ ጠራችኝ፤ «ነይ ስሚ፣ ግድ የለም፣
በግማሹ ውሰጅ። ጿሚው በዝቶብኛል፣ ገበያው ቀዝቅዞ፤
ላም መች ትጾማለች? ይኸው እንደ ትናንቱ ጡቷ ወተት ይዞ።
እኛስ ስንት በልተን!» አለችኝ በሳቅ።
ባልዲዬን ሞላሁት፤ ደስታዬ ከሌባ ብዙም አልነበር ሩቅ።

ፍሪዘሬ አሮጌ ነው፤ ከከሰረ መጠጥ ቤት በሐራጅ የወጣ፣
«ቀዝቃዛ ቢራ አለ» ይላል ግንባሩ ላይ፣ ይዋሻል ለመጣ።
አጓቱን በሻሽ ጠምዝዤ ጨምቄ፣
ሩብ ሩብ ኪሎውን በፌስታል ቋጥሬ፣ አየሩን መጥጬ፣ አፉን አጥብቄ፣
ፕላስተር ለጥፌ በስክሪብቶ ጻፍኩ፤
ለፋሲካ ክትፎ።
ለጎመን።
ለእታለማሁ፣ ስትወልድ።
ለማላውቀው እንግዳ።

ከጎኑ የመቂ ቲማቲም፣ ሣጥኑ በረከሰ ቀን የተፈጨ፣
ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን የቀረው የሱፐርማርኬት ቺዝ፣
ማታ ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ ሲል የተረፈ ዳቦ።
ባሌ ዘርጋው ክዳኑን ገልጦ ያያል፤
«ሰው ብር ይቆጥባል፣ አንቺ ሰኞን!» ይላል።

ቅዳሜ ሹር ዋጋው ሦስት እጥፍ ዘሎ፣ ሰው በሰው ሲገፋ፣
መይሙና አየችኝ።
«አትገዢም?»
«አለኝ።»
«ከየት አመጣሽው?»
«ካንቺ። ከዚያች ሰኞ።»

ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። በጣቷ ቆጠረች፤
ሃምሳ አምስት ቀን ወተት፣ ስንቱን በግማሽ ዋጋ፣ ስንቱን ለውሻ እንደሰጠች።
«ብርዱስ» አለች፣ «ካገሬ ነበር፣ ኢተያ ሞልቶ ተርፎ፤
እኔ እዚህ ስደርስ ቀለጠ፤ አንቺ ዘንድ ግን አለ ታጥፎ።»

የዚያ ዓመት አይብ ለክትፎው ሲቀርብ ደርቆ ተፈረፈረ፣ እንደ አሸዋ።
«ምን ጎደለው?» አለ ዘርጋው።
ጎረስኩና ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ፍሪዘሩ ለሁለት ተከፍሏል፤
የግራው ፕላስተር «የመይሙና» ይላል።
የሕማማት ሐሙስ መብራት ሄደ፤ ሰፈሩ ጠፋ እስከ ጥግ።
ሰምታ መጣች ከገበያ በባጃጅ፣ ነጠላ ጫማዋ ሳይደርቅ ከጭቃ፣
ምንም አላለችም፣ ክዳኑን በመዳፏ ዳሰሰች፣ እንደ ሕመምተኛ ግንባር።
ሙቀቱ ያፍናል፤ እኛ ግን ብርድ ልብስ አወጣን፣
ለሰው አይደለም፣ ለብርዱ አለበስን፣ ዙሪያውን ወተፍን።
ልጄ ውሃ ፍለጋ እጁን ቢሰድ ወደ ክዳኑ፣
«አትክፈት!» አልነው በአንድ አፍ፣ ደነገጠ ልጁ።

ካልተከፈተ ይቆያል። ካልነኩት ይቆያል።
እሱን ብቻ ነው የምናውቀው።
ጀርባችንን ሰጥተነው ወለሉ ላይ ቁጭ አልን፣
እሷ ለላሞቿ፣ እኔ ለፋሲካዬ፣
የማያጉረመርመውን ሞተር እያዳመጥን።