ዘጠና አንድ ኪሎ

አስራ አንድ ሳጥን መጣ፣ በመርከብ፣ ከሩቅ አገር፤
የኡም ሙባረክ መኪና ከጋራዡ ተባርራ ደጅ ልታድር።
«ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዓሣ ያጠምዳል፤
ያንተ ልጅነት ግን ገና አሁን ይወለዳል»
አለችው። ሰማ። ሳቀ። መቀሱን አነሣና
የመጀመሪያውን ሳጥን ሆድ ቀደደ፣ በጥሞና።

ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖረ ሰው ነው፤
ሲያስል ሳዳምጠው፣ ደረቱ ውስጥ ያለው
ግማሽ ግድግዳ ነው።
ጉልበቱ አይታጠፍም። ዓይኑም ከመነጽሩ ተጣልቷል።
ከኢሻ ሶላት በኋላ፣ ራስ አል ኸይማ ትንሽ ስትተነፍስ፣
«ትሩንጅ! መብራቱን ያዢ» ይለኛል።
ስሜ ትርንጎ ነው። አላረምኩትም፤
ፍሬው አንድ ነው፣ በሱም አፍ በኔም።

ሰሐን አጥቤ፣ ምንጣፍ ጠርጌ፣ ልብስ ተኩሼ ስጨርስ
አምፖል እይዛለሁ፣ ክንዴ እስኪፈዝ ድረስ።
ጋራዡ ሙጫ ይሸታል፣ ላስቲክ፣ የቆመ አየር፤
ማራገቢያው ሙቀቱን ከጥግ ወደ ጥግ ሲያዞር።
«ስባና» ይላል። ቁልፍ አቀብላለሁ፤
ቁጥር ሳይጠራ አስራ ሦስቱን መርጬ ይዣለሁ።
ቀና ብሎ አየኝ። «ማን አስተማረሽ?» አለ።
ኮምቦልቻ፣ ወንድሜ ሻንሲ ስር ተጋድሞ እያለ፣
ምሳ ሳደርስለት
ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን የለየሁት
ፊደል እንደ መቁጠር ነው።
ግን ይህን ሁሉ በዐረብኛ ማን ይናገረው?
«ከአላህ» አልኩት።

ረመዳን ገባ፣ ወጣ። ሻንሲው ጎማ ላይ ቆመ።
ሞተሩ ከተገለበጠ ታክሲ ተፈትቶ መጣ፤ ታጠበ፣ ተቀባ፣ ታከመ።
ቀዩ ገላዋ ሲገጠምላት፣ ቅርፊት እንጂ ብረት አይደለም፤
ሳንኳኳው ድምፁ የባልዲ ነው፣ ለሱ ግን ትንፍሽ አላልኩም።
አንዲት ብሎን ተረፈች። መጽሐፉን ከኋላ ወደ ፊት ገለጥን፣ ሦስት ሌሊት፤
ቤቷን አላገኘንላት።
እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናት።

አንድ ሐሙስ ማታ ግን መጽሐፉ እንዲህ አለ፦
የሞላዋ ልክ አይታወቅም፣ የነጂው ክብደት ወንበሯ ላይ ካልዋለ።
ነጂው እሱ ነው፤ ስሯ ገብቶ የሚለካውም እሱ።
ጢሙን አሻሸ፣ እኔን አየ፤ ወደ ወጥ ቤት ዞረ ራሱ።
«ስንት ትመዝኛለሽ?»
«ሃምሳ አንድ።»
እሱ ዘጠና አንድ ነው። የባስማቲው ጆንያ አርባ፣ ገና ያልተነካ፤
እኔና ሩዝ ተደምረን አንድ ጌታ እንሆናለን ለካ።

ገባሁ። መሪ ፊት ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤
ጆንያው ጭኔ ላይ ተኛ፣ እንደ ልጅ፣ እንቅልፍ እንደጣለው።
«አትንቀሳቀሺ» አለ ከስር፤ «ትንፋሽሽንም ቀንሺ!»
ከፊቴ መሰላል፣ የቀለም ቆርቆሮ፣ ያለፈው ዓመት ቀን መቁጠሪያ፤
ከቀኝ እጄ ስር ቀዝቃዛው ማርሽ መቀየሪያ።
ሕልም አላለምኩም። ውሸት ምን ያደርጋል?
መሪውን ግን ያዝኩት። ክብ ነው፤ ይያዛል።
አንድ ሰዓት ተኩል። ስድስት ጊዜ ለካ፣ አራት ጊዜ ተሳደበ፤
ላቤ ባገጬ ወርዶ ጆንያው ላይ ተንጠባጠበ።
«አልሐምዱሊላህ» አለ በመጨረሻ፤ እግሩን ጎትቶ ወጣ።

ምርመራው ሁለቴ ጣላት፤ በሦስተኛው ታርጋ አገኘች።
ኡም ሙባረክ ጥቁር መነጽሯን አድርጋ፣ ያለችውን ረስታ፣ ከጎኑ ተሰየመች።
ጀበል ጀይስን ወጡት፣ ያንን ጠመዝማዛውን፤
እኔም ጆንያውን ፈታሁና፣ አብሮኝ ጌታ የነበረውን
ሩዝ፣ ለምሳቸው ጣድኩ።

ሲመለስ ፊቱ ቀልቷል፤ በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አለ።
«ትሩንጅ፣ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ወደ ግራ ትስባለች።
ያን ማታ ተንቀሳቅሰሻል?»
«የለም» አልኩ፤
እሳቱን ቀነስኩ።

በግራዬ በኩል የጎን በሩ ስንዝር ያህል ገርበብ ብሎ ነበር።
የባሕር ነፋስ ገባ። በዚያ ሙቀት ማን ነው ቀጥ ብሎ የሚያድር?
ዘንበል አልኩ፣ ትንሽ፣ ወደ በር።
ጆንያውም አብሮኝ።