ራፖር ጸሐፊ

ሥራዬ ይኸው ነበር፤ ከቢቸና ችሎት በር፣
ከጥቁር ጃንጥላ ሥር፣ ከዱካዬ ሳልነሣ፣
ለጠፋች በቅሎ፣ ለተገፋ ድንበር፣
በሃምሳ ሳንቲም «አቤት» ማለት፣ ለሰው አበሳ።

ግንቦት ላይ፣ ቅዳሜ፣ ገበያው ሲበተን፣
መምህር አትንኩት መጣ፣ ሁለት ሰው አስከትሎ፤
«ጋሼ ልመንህ» አለኝ፣ ጆሮዬ ሥር ቀስ ብሎ።
(ስሜ ነው። ልመናም ነው። እናቴ ስታወጣው አልለየችውም።)
«ጻፍልን። ግብር ሲጣል፣ ቈጣሪው ከኛ ይሁን፤
እንደራሴ ሲባል፣ የመረጥነው ይሁን፤
የታሰረ ሰው ካለ፣ ክሱ ይነገረው።
ይኸው ነው ጉዳያችን፤ ሌላ ነገር የለው።»

ጻፍሁ። ሰላምታውን አስረዘምሁ፣ ማዕርጉን ደረደርሁ፤
ስድብ እንዳይገባበት ሦስት ጊዜ መረመርሁ።

ፊርማውን እንደ ሰፌድ ዙሪያውን ፈረሙ፣
ማን እንደ ጀመረው እንዳይለይ ስሙ፦
ሁለት አስተማሪ፣ የክሊኒኩ ድሬሰር፣
መሪጌታ ውብአንተ፣ ስምንት ባላገር፤
ጠጅ ሻጯ ደብሬም አውራ ጣቷን ነከረች፤
«ፊደል ባልቈጥርም፣ ግብር ቈጥሬያለሁ» አለች።

ሹሙ ወረቀቱን ቢያዞር ቢያዞረው፣ ራስ አጣለት፤
ሁሉንም ራስ አለና፣ እንዲያዙ አዘዘበት።

ሐምሌ አምስት፣ በዝናብ።
ርስት በለኩበት በዚያው ቀላድ ገመድ
ክንዳቸውን አሰሩ፣ ጥንድ ጥንድ።
መምህሩን፣
እናቱ «አትንኩት» ያለችውን፣
ተማሪዎቹ ፊት በጥፊ ነኩት።
መነጽሩ ጭቃው ላይ ወደቀ።
እኔም ቆሜ ነበር። አላነሣሁትም።

እኔን ማን ይይዘኛል? የጸሐፊ ስም አይጻፍ።
ሳምንት ሳይሞላው ግን አስጠሩኝ ከደጃፍ፤
«እጅህ ያምራል» አለኝ የአውራጃው ዋና ጸሐፊ፣
«የጽሕፈት መኪናው ተሰብሯል፤ ይህን ክስ ገልብጥልን፣ ለማርቆስ ተላላፊ።»
ወንበር ሰጡኝ፣ መደገፊያ ያለው። ሻይም መጣልኝ።
«ዙፋን የደፈሩ፣ ሕዝብ ያነሣሡ…»
ጻፍሁት።
ያው ቀለም፣ ያው ብዕር፤
እግሯን የማስረዝማት ያቺ የኔው «ሕ»
በአቤቱታው ላይ «ሕዝብ» ብላ ቆማ፣
በክሱ ላይ «ሕግ» ብላ ቆመች።
ስምንት ብር ከፈሉኝ።

አሁን ከወህኒው አጥር፣ ዝናብ እየመታቸው፣
ሴቶቹ ይሰለፋሉ፣ አገልግል አዝለው በጀርባቸው።
«ይግባኝ!» ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ «ይግባኝ!»
ዘበኛው ስንቁን መስሎት ክዳኑን ይከፍታል፣
ወጡን በዱላው ጫፍ ያማስለዋል።

ትናንት የደብሬ ልጅ፣ ያች ታናሽቱ፣ መጣች።
ሃምሳ ሳንቲም በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ፣
«ጋሼ ልመንህ» አለችና ዝም አለች።
ስሜን ጠርታ እንደሁ፣ ለምናኝ እንደሁ፣ አልጠየቅኋት።
ሳንቲሙን መለስሁ። ይግባኙን ጻፍሁላት፣
በግራ እጄ።
ፊደሉ እንደ አዲስ ጥጃ ይንገዳገዳል፤
ይህ የማን እጅ ነው ቢሉ፣ ማንም አያውቅም።
ቀኜ ከኪሴ ነበረች፣
ስምንቱን ብር ጨብጣ።