ስድስት ጠርሙስ

ቀዳም ሹር ከሰዓት መብራት ሄዶብናል፤
ፍሪጁ ቁም ሣጥን፣ በረዶው እንባ ሆኗል።
የደመወዜን ጅራት በመሐረብ ቋጥሬ
ሽምብጥ ወረድኩኝ እንግዳ ቆጥሬ፤
አሥራ አንድ ናቸው፣ ሕፃን ሳይጨመር፣
ዋርሳዬም አለበት፣ ሆቴል ሠርቶ የነበር፣
ብርጭቆ አዘንብሎ፣ አፍንጫውን ነክሮ
አንድ ጉንጭ ለመዋጥ የሚያስብ አምርሮ።

ጋሽ እንየው መነጽሩን ጠርጎ ተነሣ፤
«ስንት ሰው ነው?» አለኝ፤
ብሩንማ አይቷል፣ ቦርሳዬ እንደከሳ።
«አንድ ጠርሙስ፣ ልጄ፣ አምስት ሰው ይችላል፤
እስካፉ ከሞላሽ ሽታው የት ይውላል?
ግማሽ ላይ አቁሚ።
ደረቁን ከዶሮ ወጥ ጋራ አታጋጪ፣
ለስለስ ያለው ይሻላል፣ ከጠብ ታመልጪ።
ደኅናውን አስቀድሚ፣ ምላስ ሳይደክመው፤
በቃና ገሊላ ኋላ የጣፈጠው
ያ ተአምር ነበር።
አንቺ ደሞዝተኛ ነሽ።»

ዋጋቸውን በእርሳስ ከጀርባቸው ጽፎ
አወጣ ስድስቱን፣ አቧራ አራግፎ፤
አምስቱ መናኛ፣ አንዱ የተከበረ፤
ባጃጁ በነጠረ ቁጥር ሆዴ አብሮ ነጠረ።

«ቀዩ አይቀዘቅዝም» ይላል ዋርሳዬ ሁሌ፣
«በቤት ሙቀት ነው።» የማን ቤት? የየትኛው ቀበሌ?
ጣራው ቆርቆሮ ነው፣ ወሩም ሚያዝያ ነው፤
ወይን ካረፈደ ሾርባ ነው የሚሆነው።

ይበልጣል ሰማኝ፣ ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቴ፤
«ጣና እያለልሽ» አለ «ምን ያስጨንቅሻል እቴ?
ቆጣሪ የሌለው፣ መብራት የማይሄድበት፣
ፍሪጅ አይደለም ወይ ስንት ዓሣ ያደረበት?»
ስድስቱን ባሮጌ መረብ ጠቀለለ፣
ከደንገሉ ግርጌ በገመድ አንጠለጠለ።

ሌሊት በቅዳሴ ጧፍ ይዤ ቆሜ
ስለ ገመድ ጸለይኩ፣ ከእልልታው ቀድሜ።
ይቅር ይበለኝ።

ጠዋት ይበልጣል ጎተተ፤
እንቦጩ እንደ ቀሚስ ዘርፍ ተከተለ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት።
«ስድስተኛውስ?»
«እንጃ» አለ።
አምስቱም ራቁት፤ ወረቀቱን ውሃ ልጦ፣
ውዱ ከርካሹ ጋር ስም አልባ ተቀምጦ፣
አንገታቸው አንድ፣ ቡሻቸው አንድ፣ ቅላታቸው አንድ።

የጋሽ እንየውን ምክር ሁሉ ዋጠው ጣና፤
የትኛው ይቅደም? ዐይኔን ጨፍኜ አነሣሁና
ግማሽ ግማሽ ቀዳሁ።

አጎቴ ቢተው፣ ከዘጌ ነው የመጣው፣
አረቄ የለመደ፣ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው፤
«ውሃው ደኅና ነው» አለ «መጠጡንስ አምጪው!»
ለራውዳ ከርከዴ በዚያው ብርጭቆ ቀዳሁ፣
ቀይ ከቀይ አጠገብ፤ እንግዳ አልለየሁ።

ዋርሳዬ አሸተተ። አዘነበለ። ዐይኑን ጨፈነ።
ቤቱ ሁሉ ጠበቀ፤ የልጆቹ ጩኸት እንኳ ሰከነ።
«ቀዝቃዛ ነው» አለ።
ደግሞ ቀመሰ።
«ቀዝቃዛ ነው እንጂ!»
ሌላ አልጨመረም፤ ብርጭቆውን ግን መለሰ፣
እንድሞላለት።

ሰኞ ወደ ዳር ወረድኩ።
ከደንገል አገዳ ላይ ወረቀት ተጣብቆ አገኘሁ፣
ደርቆ፣ ተሸብሽቦ፤
የጋሽ እንየው እርሳስ አለበት። የውዱ ዋጋ ነው።
ጠርሙሱን ግን ማን ያውቃል? ጠጥተነዋል? ወይስ
ከእንቦጩ ሥር፣ ከአምባዛው ጋር፣
እስካሁን እየቀዘቀዘ ነው?

ይበልጣል ታንኳውን እየገፋ ሳቀብኝ፤
«አሥራ አንድ ቆጠርሽ፤ ባለቤቱን ዘነጋሽ» አለኝ።

ለእንቁጣጣሽ ሰባት እገዛለሁ።
ገመዱንም አዲስ።