ይፍሰስላት

ሰንዳይ ላይ ዘነበ፤ ኅዳር ሊጋመስ ነው፤
የኬያኪው ቅጠል አስፋልቱን አለበሰው።
ሺዙኖ መስኮት ሥር፣ ጎሁ እንኳ ሳይቀድ፣
በአንድ እጇ የሽንት ጨርቅ፣ በሌላው ያ ካርድ፤
ሰባት ቀለም አለው፣ ከኖራ እስከ ጎመን፣
ከሕፃን ሰገራ አስተያይተው የሚለዩበት ሕመምን።
«አንድ አይደለም» አለች፣ «ሦስትም አይደለም»፤
ሁለት ቁጥር ነበር፤ ከእርጥብ ጠመኔ በቀር ሌላ አይመስልም።

ናጊሳ ጨቅላ ናት፤ ሃምሳ ቀን ሆናት።
የዓይኗ ነጩ የለም፤ ኅዳር የጊንኮውን ቢጫ አበደራት።

በእኛ አፍ ሲነገር «ሐሞቱ ፈሰሰ»
ወኔው ከዳው ማለት ነው፤ ከውጊያ ተመለሰ።
እዚህ ግን ሐኪሙም፣ አያትም፣ አባትም
«ይፍሰስላት» ከማለት በቀር ሌላ ጸሎት የላቸውም።
መውረጃ ቢያጣ ጊዜ ጉበቷን ያቃጥላል፤
ጀግና ነው ሐሞቷ፤ «አልፈስም!» ይላል።

ቀዶ ጠጋኙ መጣ፤ ከአንጀቷ ቀጥሎ
ቦይ አበጀላት፤ ስምንት ወር ወረደ፣ ጠብ ጠብ ብሎ።
ከዚያ ቆመ።

አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማቀዝቀዣው ሲያጉረመርም፣
ቶሞዬ የምትባል ላቦራንት አለች፤ ልጅቷን አይታት አታውቅም።
የምታውቀው ሠላሳ አንድን ነው፣ ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን፣
ከክንድ የተቀነጠበ፣ የምስር ክክ የሚያህለውን።
ቆዳነቱን አስረሳችው፤ ወደ ጥንቱ መለሰችው፤
ገና ምንም ያልሆነ፣ ሁሉን መሆን የሚችል
ግንድ ህዋስ አደረገችው።
ከዚያ ደግሞ ሲላት በቁጣ፣ ሲላት በልመና፣
«ጉበት ሁን» አለችው፣ «ቦይ ሁን» አለችው፣
በየማለዳው ምግቡን እየቀየረች እንደገና።
ሦስት ጊዜ ሻገተ። አንዴ ምድር ተንቀጥቅጣ
መደርደሪያው ወደቀ፤ ስብርባሪውን ጠረገች፣ ቃል ሳታወጣ።

ሺዙኖ ይህን አታውቅም፤ ሕፃንም ሳይንስን አይጠብቅም፤
አክስቷ ካዮኮ ከጉበቷ ቆርሳ ሰጠቻት፤
«ለእኔ መልሶ ይበቅላል» አለች፤ አልዋሸችም።

ስድስት ዓመት አለፈ።
ናጊሳ ትምህርት ቤት ገባች፤ ቢጫው ከዓይኗ ወጥቶ
አሁን ቆብ ሆኗል፣ እንደ አንደኛ ክፍል ልጆች ሁሉ ከራሷ ላይ ጎልቶ።

በረዶ የጣለበት ሌሊት፣ እንቅልፍ ቶሞዬን ሲያዳፋት፣
ከሰሊጥ ያነሰች ቦይ ማይክሮስኮፑ ሥር ውስጧ ክፍት ሆኖ አየቻት፤
ያጠጣችው አረንጓዴ ቀለም ከህዋሶቹ ተነሥቶ
በመሐሏ ሄደ፣ መንገዱን ራሱ አግኝቶ።
አልጮኸችም። ማንንም አልቀሰቀሰችም።
መድኃኒት አይደለም ይሄ፤ ገና ነው፤ ለሰው አልደረሰም።
ጓንቷን አወለቀች።
እስክሪብቶው ደርቆባት መዳፏ ላይ ጫር ጫር አደረገችና
ከሠላሳ አንድ ቁጥር ጎን
አንዲት ቃል ጻፈች፦
ፈሰሰ።