እጅ የሰጡ ለት

እኛ አገር «እጅ ሰጠ» የተባለ ለታ
ያ ሰው አበቃለት፤ ትጥቁን ፈታ፣ ተረታ።
ይህን ስነግራቸው፣ ሾርባ እያማሰልኩ፣
ወይዘሮ ቬልታ ሳቁ። እኔም ዝም አልኩ።

«እኛ ግን፣ ልጄ፣ ያን ጊዜ፣ ነሐሴ፣
እጅ ሰጥተን ረታን፤ አልዋሽም በነፍሴ።
ከቫልሚዬራ መውጫ፣ መንገዱ ዳር ቆሜ፣
ግራዬን ለእህቴ፣ ቀኜን ለባዕድ ሰው፣
ፕሮኮር ለሚባል፣ ናፍጣ ለሚሸተው፣
ከትራክተር ጥገና በቱታው ለመጣ፣
ከአፉ ቋንቋችን በቅጡ ለማይወጣ።
ድንጋይ በምን ይነሣ? እጅ ሁሉ ተይዟል።
ሩብ ሰዓት ብቻ ነው።
ላቡ ግን መዳፌ ላይ ዛሬም ይሰማኛል።

ኋላ አገር ሆንን። ባንዲራው ተሰቀለ።
ለእኔ ፓስፖርት መጣ። ለፕሮኮርም አለ፤
ሐምራዊ፤ ውስጡ ‹ዜጋ ያልሆነ› የሚል።
ምንም አላለ። ማለቢያውን መጠገን ቀጠለ።»

አምና ይህን የአረጋውያን ቤት ሊዘጉ ሲነሡ
የልጅ ልጃቸው ኡንዲኔ ከጓደኞቿ ጋር መጣች።
እጅ ለእጅ ተያይዘው በሩን ከበው ቆሙ፤
የበረዶ ኳስ እንኳ የወረወረ የለም።
ከንቲባው መኪናቸው ውስጥ ብዙ ቆዩ።
ቤቱ አልተዘጋም።

ቬልታ በመስኮት አይተው፣ ቆጥረው ሲያበቁ፣
«አንድ ሰው ይጎድላል» አሉ፤ አልሳቁ።

ክፍል ዘጠኝ፣ ፕሮኮር። ሰማንያ አምስት ዓመት።
ሐምራዊው ፓስፖርት ዛሬም ከትራሳቸው ሥር።
ማታ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን ገፍቼ
ከቬልታ ጎን፣ በቀኝ በኩል፣ አቆምኩት።
ቬልታ እጅ ሰጡ።
«ስጦታ እንዳይመስልሽ» አሉኝ፣ «ዕዳ ነው።»
ሾርባው ቀዘቀዘ። አላጣደፍኳቸውም።